በሰፈሩት ቁና

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1996 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኬንዊክ በምትባል ከተማ የጀልባ እሽቅድምድም ነበር። (ዋሽንግተን ስል ፕሬዚዳንቱ የሚቀመጡባትን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ካናዳን የምትዋሰነውን ግዛት ነው።) እሽቅድምድሙን ሊያዩ የመጡ ሁለት ተማሪዎች በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሲሄዱ የሰው ራስ ቅል አገኙ። ፖሊስ ተጠራ። የሟቾችን ጉዳይ የሚመረምረው ሹም መጣ፤ እሱም በበኩሉ ጄምስ ቻተርስ የተባለ አርኪዮሎጂስት አስጠራ። ቻተርስ ራስ ቅሉን አገላብጦ አየው። ረዘም፣ ጠበብ ያለ ነው። ፊቱም ወደፊት ወጣ ያለ ነው። በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ራስ ቅል ጋር አልመሳሰል አለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ግምቱ «ይሄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ያለፈ ነጭ ሰፋሪ መሆን አለበት» የሚል ነበር።

ችግሩ የመጣው የቀረው አጥንት ሲለቀም ነው። የሟቹ ዳሌ አጥንት ውስጥ የድንጋይ ጦር ጫፍ ተቀርቅሮ ተገኘ። በድንጋይ ጦር የተወጋ ነጭ ሰፋሪ? ነገሩ ግራ ቢያጋባቸው ከአጥንቱ ቁራጭ ወስደው ለዕድሜ ምርመራ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሰውየው ከሞተ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉድ ምን ብዬ ልንገራችሁ! በአካባቢው የሚኖሩ አምስት ነባር ሕዝቦች «አባታችን ነው፤ ስጡንና በወጉ እንቅበረው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ይህን መብት ይሰጣቸዋል። መሬቱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ነበርና ሠራዊቱ አጥንቱን ለእነሱ ለመመለስ ተዘጋጀ። ስምንት ሳይንቲስቶች ደግሞ «ራስ ቅሉ የእነሱን አይመስልም፤ ሳንመረምረው አይቀበርም» ብለው መንግሥትን ከሰሱ። ይባስ ብሎ በካሊፎርኒያ የሚገኝ፣ የጥንት የሰሜን አውሮፓ አማልክትን የሚያመልክ ማኅበር «ሰውየው የእኛ ወገን ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ቻተርስና አንድ ቀራፂ በራስ ቅሉ ላይ ሥጋ አልብሰው የሠሩት ፊት «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሚጫወተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ከፓትሪክ ስቱዋርት ጋር ቁርጥ ሆኖ አረፈው። ጋዜጦችም «ከቀይ ሕንዶቹ በፊት አሜሪካ የነበሩት ነጮች ይሆኑ እንዴ?» እያሉ መጻፍ ያዙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአንድ ሰው ራስ ቅል ርዝመትና ስፋት አገር የማን ነው ወደሚል ክርክር ገባ። ጠቡ የተነሳው ለሳይንስ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ነባሮቹ ሕዝቦች ነጮቹ ከመጡ ወዲህ መሬታቸውን ተቀምተዋል። የቀራቸው አንድ ነገር «እኛ ከሁሉም በፊት ነበርን» የሚለው ቃል ነው። አሁን ደግሞ አንድ መለኪያ የያዘ ሰው መጥቶ «እሱም አጠራጣሪ ነው» ሲላቸው ምን ይሰማቸው? ክርክሩ ወዴት እንደደረሰ በኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ይህ ራስ ቅል እየለኩ ዘር የመቁጠር ነገር ከየት እንደመጣ እንይ።

ነገሩ ሲጀመር እጅግ ቀላል ነበር። አንደርስ ሬትዚየስ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አንድ ስሌት አወጣ። የራስ ቅሉን ስፋት ለርዝመቱ ታካፍላለህ፣ በመቶ ታባዛለህ፣ አለቀ። ውጤቱ ከ75 በታች ከሆነ «ረዥም ራስ»፣ ከ80 በላይ ከሆነ «ክብ ራስ» ይባላል። አውሮፓ በዚህች አንዲት ቁጥር አበደ ማለት ይቻላል። ስዊድኖቹ ረዥም ራስ፣ ፊንላንዶቹ ክብ ራስ፣ እነ እገሌ መጤ፣ እነ እገሌ ባለ አገር እየተባለ የአህጉሩ ሕዝብ ሁሉ በመለኪያ ተመደበ። ካሊፐር የምትባለዋ ሁለት እግር ያላት የብረት መለኪያ ወደ ቅኝ ግዛት ከሚሄድ ተመራማሪ ሻንጣ አትጠፋም ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ የፊላደልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ጆርጅ ሞርተን ነበር። ሞርተን ከዓለም ዙሪያ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ራስ ቅል ሰብስቧል። ከመቃብር የተሰረቀ አለበት፤ የባሪያ አለበት፤ በጦርነት ያለቀ ሰው አለበት። የእሱ ዘዴ ከሬትዚየስ ይለያል። ራስ ቅሉን ገልብጦ በጥቃቅን የእህል ዘር ይሞላዋል፤ ከዚያ ዘሩን አውጥቶ ይሰፍራል። በኋላ ዘሩ አንዴ ሲጠቀጠቅ አንዴ ሲላላ ልኩ ቢያስቸግረው በድቡልቡል የእርሳስ ጥይት ለወጠው። እኛ ጤፍና ገብስ በቁና እንደምንሰፍረው እሱ የሰውን ልጅ አእምሮ በራስ ቅል ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፍና ከዚያም በኋላ ባወጣቸው ሰንጠረዦች ነጮቹ ከላይ፣ ጥቁሮቹ ከታች ተቀመጡ። ዘመኑ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ባርነት የሞቀበት ነበርና የባሪያ ጌቶቹ ሰንጠረዡን በደስታ ተቀበሉት።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለው እውቅ ሳይንቲስት የሞርተንን ቁጥሮች እንደገና መርምሮ «ሰውየው ሳያውቀው እጁ አድልቷል» ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሌሎች ተመራማሪዎች ግማሽ የሚሆኑትን ራስ ቅሎች አውጥተው እንደገና ለኩና «የለም፣ የሞርተን ልኬት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ጉልድ ነው» አሉ። ሌሎች ደግሞ ለጉልድ ጥብቅና ቆሙ። ክርክሩ ቀጠለ። እኔ ግን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልኬቱ ልክ ነበር እንበል። ታዲያስ? የራስ ቅል መጠን ከሰውነት ግዝፈትና ከአየር ጠባይ ጋር ይሄዳል። ግዙፍ ሰው ግዙፍ ራስ አለው። ቀዝቃዛ አገር ያለ ሰው ሙቀት የሚቆጥብ ክብና ሰፊ ራስ ይኖረዋል። ይህን ሁሉ በቁና ሰፍሮ «ማን ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ቁናው ልክ ቢሆንም ጥያቄው ጠማማ ነው። ራስ ቅሎቹ የተቀመጡበት የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 ስለዚህ ስብስብ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

የፈረንጅ ጉድ ነው ብለን እንዳንስቅ፣ ነገሩ ወደኛም ሰፈር መጥቷል። እንዲያውም የከፋው መዘዝ የወጣው በአፍሪካ ነው፤ የኢትዮጵያ ስምም አለበት።

የዓባይን ምንጭ ሲፈልግ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ሃኒንግ ስፒክ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ስላያቸው ገዢ ቤተሰቦች አንድ ግምት አስቀመጠ። ቀጠን ያለ አፍንጫ አላቸው፣ ረጃጅም ናቸው፣ መንግሥት አቋቁመዋል። ስፒክ ጥቁር አፍሪካዊ በራሱ መንግሥት ሊያቋቁም ይችላል ብሎ ማመን አልሆነለትም። ስለዚህ «እነዚህ ከአቢሲኒያ በኩል የመጡ መሆን አለባቸው» አለ። ማስረጃው የዓይኑ ግምት ብቻ ነበር። ግን ሐሳቡ አደገ። የካም ልጆች የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1930 ቻርልስ ሴሊግማን የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር ስለ አፍሪካ ዘሮች በጻፈው መጽሐፍ በአህጉሩ የታየ ሥልጣኔ ሁሉ ከውጭ የመጡ የካም ዘሮች ሥራ ነው እስከማለት ደረሰ። በ1930ዎቹ ቤልጂየሞች በሩዋንዳ ቁመትና አፍንጫ፣ ራስና ግንባር እየለኩ አንዱን ሁቱ፣ ሌላውን ቱትሲ ብለው መታወቂያ ወረቀት ላይ ጻፉበት። አብረው የኖሩ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የተጋቡና የተዋለዱ ሰዎች አንዱ «ባለ አገር» ሌላው «ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ» ሆኑ። በመጀመሪያ «ከውጭ የመጣ» መባል ክብር ነበር፤ ሹመት ያሰጣል፣ ትምህርት ቤት ያስገባል። በኋላ ግን ዞሮ እዳ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 ሌዮን ሙጌሴራ የሚባል የሩዋንዳ ፖለቲከኛ ካባያ በምትባል ቦታ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር አደረገ። የቱትሲዎች አገራቸው ኢትዮጵያ ስለሆነ ቶሎ እንዲደርሱ በኒያባሮንጎ ወንዝ እንሸኛቸዋለን የሚል ትርጉም ያለው ንግግር ነበር። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1994፣ ቁጥሩ ከ800,000 በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሰው ሲታረድ ሬሳ በወንዙ ተለቀቀ። ኒያባሮንጎ ካጌራን፣ ካጌራ ቪክቶሪያ ሐይቅን ይገባል፤ ሬሳው ሐይቁ ድረስ ሄደ። ወንዙ ወደ ኢትዮጵያ እንኳን አይፈስም። ሙጌሴራ ከተሸሸገበት ካናዳ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2016 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የጥፋቱ ምክንያት መለኪያ ብቻ ነው አይባልም፤ ፖለቲካው፣ ጦርነቱ፣ የመሬት ጥበቱ ሁሉ ነበረበት። ነገር ግን «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም» ለማለት የሚያበቃ የሳይንስ ካባ ያለበሱት ካሊፐር የያዙት ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከብደኝ፣ ያ ሁሉ ሰው «ወደ አገርህ ሂድ» ሲባል የተጠራው የኛ አገር ስም መሆኑ ነው።

እኛስ ቤት? አፍንጫ እያየን፣ ግንባር እየመተርን «እነ እገሌ ከየመን የተሻገሩ ናቸው»፣ «እነ እገሌ ከዓባይ ማዶ የመጡ ናቸው» የምንለው ነገር የለም? በጠጅ ቤቱም፣ በታክሲውም፣ በምሁሩም አፍ አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። በባሕሩ ግራና ቀኝ ሰው ሲመላለስ ኖሯል፤ ዲኤንኤውም ይህንኑ ያሳያል። ነገር ግን የሄደውም የመጣውም ተቀላቅሏልና ዛሬ አንዱን ነጥሎ በአፍንጫው «አንተ የዚያ ማዶ ነህ» ማለት ስፒክ ከሠራው ሥራ የሚለየው በመጽሐፍ ባለመታተሙ ብቻ ነው።

ወደ ሳይንሱ ልመለስ። በካሊፐሩ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ጥያቄ ያነሳው ራሱ ካሊፐር የያዘ ሰው ነው። ፍራንዝ ቦአስ ይባላል፤ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረ አይሁዳዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ለአሜሪካ የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽን ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን ለካ። ያን ጊዜ የሚታመነው የራስ ቅርጽ እንደ ዘር ማኅተም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል የሚል ነበር። ቦአስ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁዶች ክብ ራስ ነበሩ፤ አሜሪካ የወለዷቸው ልጆች ራስ ግን ረዘም አለ። ከሲሲሊ የመጡት ረዥም ራስ ነበሩ፤ አሜሪካ የወለዷቸው ልጆች ራስ ደግሞ ከበብ አለ። ምግቡ፣ አስተዳደጉ፣ ምናልባትም ሕፃን የሚተኛበት መንገድ ሳይቀር ራስ ቅሉን ነካው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002ና በ2003 የቦአስን ቁጥሮች እንደገና ያሰሉ ሁለት ቡድኖች ተከራክረዋል። አንዱ ለውጡ ትንሽ ነው፣ የዘር ውርስ ያመዝናል አለ፤ ሌላው ቦአስ በዋናው ነገር ትክክል ነበር አለ። ሁለቱም ወገን ግን ራስ ቅል የማይለወጥ ማኅተም ነው ብሎ አልተከራከረም። የሚያሳዝነው የፖለቲካው ሰዎች ቦአስን አለመስማታቸው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣችው ሕግ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ለሚመጡ ስደተኞች በሯን ልትዘጋ ምንም አልቀራትም።

ታዲያ ራስ ቅል መለካት ከንቱ ነው? እዚህ ላይ ቸኩለን «አዎ» ካልን ሕፃኑን ከእጣቢው ጋር እንደፋን ይቆጠራል። ከንቱ አይደለም። ጥያቄው ሲቃና መለኪያውም ይቃናል።

ዊሊያም ሃወልስ የተባለ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከባለቤቱ ጋር ከአገር አገር እየዞረ በየሙዚየሙ የተቀመጡ ራስ ቅሎችን ለካ። እሱ ይለካል፣ እሷ ትጽፋለች። ከ28 ሕዝቦች የተገኙ 2,500 ያህል ራስ ቅሎች፣ በእያንዳንዱ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ልኬቶች! የዓይን ጉድጓድ ስፋት፣ የአፍንጫ ቁመት፣ የግንባር ጉብታ፣ የጉንጭ አጥንት ርቀት ... ሬትዚየስ በአንድ ቁጥር ያደረገውን ሃወልስ በሃምሳ ምናምን ቁጥር አደረገው። ከዚያም ውጤቱን ደብቆ አልያዘም፤ ለፈለገ ተመራማሪ ሁሉ ሰጠ። እስከ ዛሬ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ራስ ቅል የሚነጻጸረው ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሰንጠረዥ የወጣው የመጀመሪያ ትምህርት የድሮዎቹን ለካዮች የሚያሳፍር ነው። በዓለም ላይ በራስ ቅሎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው እዚያው አንድ አካባቢ በሚኖሩ፣ አንድ ሕዝብ በሆኑ ሰዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። አህጉርን ከአህጉር የሚለየው ትንሹ ነው። ስለዚህ አንድ ራስ ቅል ይዞ «ይሄ የእነ እገሌ ነው» ማለት ቁማር ነው። ብዙ መቶ ራስ ቅል ይዞ አማካዩን ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አማካዩ መንገድ ያሳያል።

እንዴት መንገድ ያሳያል? በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ጆንያ ድብልቅ እህል አለህ እንበል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሁሉም አለበት። አንድ ልጅህ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ራቅ ወዳለ አገር ሄዶ ይዘራል። እፍኙ ውስጥ ምስሩ ሳይገባ ቢቀርስ? እዚያ አገር ምስር የለም። የእሱ ልጅ ደግሞ ካመረተው ላይ እፍኝ ዘግኖ ወደሚቀጥለው አገር ይሄዳል። አሁን ሽምብራው ይቀራል። እንዲህ እያለ በሄደ ቁጥር ዓይነቱ ይቀንሳል። ወደ ኋላ ተመልሶ መነሻውን መፈለግ ለሚፈልግ ሰው ዘዴው ቀላል ነው፤ ድብልቁ የበዛበትን ጎተራ መፈለግ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከአንድ ጃፓናዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከ105 ሕዝቦች የተገኙ 4,666 የወንድ ራስ ቅሎችን ልኬት ሰበሰቡ። በእያንዳንዱ ራስ ቅል 37 ልኬት ወሰዱ። የአየር ጠባዩን ተጽዕኖ በስሌት ቀነሱ። ከዚያ «በየትኛው ሕዝብ ውስጥ ነው ራስ ቅል ከራስ ቅል እጅግ የሚለያየው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ሆነ። ከአፍሪካ በራቅህ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዝቅ ይላል። እፍኝ በእፍኝ የተጓዘ ዘር ማለት ይኸው ነው።

ይህ ውጤት ዲኤንኤው ቀድሞ ከተናገረው ጋር ገጠመ። የሚገርም ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2005ና በ2008 በታተሙ ሁለት እውቅ የዘረመል ጥናቶች የዓለም ሕዝቦች ርቀት ሲሰላ የመነሻ ነጥብ ተደርጋ የተወሰደችው አዲስ አበባ ናት። አዳም ፒያሳ ተወለደ ለማለት አይደለም፤ ለስሌት እንዲመች የተመረጠች ቦታ ናት። ቢሆንም በሥዕሉ ላይ ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚለው እዚህ ነው። የእግር መንገዱ በካይሮ፣ ከዚያም በኢስታንቡል እያለ እስከ አሜሪካ ይሰላል።

ሞርተን በዘርና በጥይት የሞላው ቁና እንዲህ ዞሮ መጣ። አፍሪካውያንን ከታች ለማስቀመጥ የተያዘው መለኪያ፣ ጥያቄው ሲቃና፣ አፍሪካን የሁሉ ጎተራ አድርጎ አሳየ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይሉ የለ!

ራስ ቅሎቹ ራሳቸው ይህን ጉዞ የሚመሰክሩበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ አፍሪካ ሆፍሜይር በምትባል ቦታ አንድ ራስ ቅል ተገኝቶ ነበር። ለረዥም ጊዜ ዕድሜው አልታወቀም። በ2007 ሲታወቅ 36,000 ዓመት ሆነ። ሲለካ ግን ዛሬ በዚያ አካባቢ ከሚኖሩት ሕዝቦች ይልቅ በዚያው ዘመን ገደማ አውሮፓ የነበሩትን የበረዶ ዘመን ሰዎች መሰለ። ይህ ማለት አውሮፓዊ ደቡብ አፍሪካ ሄደ ማለት አይደለም። የዚያ ዘመን አውሮፓውያን ከአፍሪካ ከወጡ ገና ብዙ አልቆዩም፤ የወጡበትን ቤት መልክ ይዘው ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በፊት የኛው አሉ። በኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው ራስ ቅል በመጀመሪያ 130,000፣ በ2005 ደግሞ 195,000 ዓመት ተባለ። በ2022 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጭምር በተሳተፈበት ጥናት የእሳተ ገሞራው አመድ ተመርምሮ ቢያንስ 233,000 ዓመት እንደሆነው ታወቀ። በአፋር ሄርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኙት፣ በ2003 እነ ብርሃነ አስፋውና ቲም ኋይት ለዓለም ያስተዋወቋቸው ራስ ቅሎች ደግሞ 160,000 ዓመት ገደማ ናቸው። «ኢዳልቱ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ በአፋርኛ ታላቅ፣ ሽማግሌ ማለት ነው። የጎልማሳው ራስ ቅል በዘመናችን ካሉ ሰዎች ልኬት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረዥምና ግዙፍ ነው፤ ከዛሬዎቹ ሕዝቦች የአንዱንም መልክ ለይቶ አልያዘም። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እዚሁ አፈር ላይ የተገኘው አያት አማራም፣ ኦሮሞም፣ አፋርም፣ ትግሬም፣ ፈረንጅም አይመስልም። በዚያ ላይ ሞሮኮ ውስጥ የተገኙትና በ2017 ዕድሜያቸው 300,000 ዓመት ገደማ መሆኑ የተነገረላቸው አሉ፤ ፊታቸው የኛን ይመስላል፣ የኋላ ራሳቸው ግን ገና የጥንት ነው። ስለዚህ «የሰው ዘር መገኛ እዚህች ቀበሌ ናት» ብሎ መፎከርም ልክ አይመጣም። ጎተራው አፍሪካ ነው፤ ጎተራውም ብዙ ክፍል አለው።

አሁን ወደ አሜሪካዎቹ ሟቾች ልመለስ። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ላፓ ቨርሜላ በሚባል ዋሻ የተገኘች፣ ከ11,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረች ሴት ነበረች። «ሉዚያ» ብለው ሰየሟት፤ የኛን ሉሲን ለማስታወስ ነው። ዋልተር ኔቬስ የተባለ ብራዚላዊ ሳይንቲስት ራስ ቅሏን ለክቶ አፍሪካውያንንና የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን ትመስላለች አለ። ከዚያ በመነሳት ከዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች በፊት ሌላ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ገብቶ ነበር የሚል ትልቅ ሐሳብ አቀረበ። በ1999 የተሠራው ፊቷም አፍሪካዊት ሴት ይመስል ነበር። በ2018 ግን እዚያው አካባቢ ከእሷ ወገኖች አጥንት የተወሰደ ዲኤንኤ ሲመረመር እነዚያ ሰዎች የዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች ዘመድ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ራስ ቅሏ የተቀመጠበት የሪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ። ከሳምንታት በኋላ ስብርባሪዋ ከአመድ ውስጥ ተለቀመ።

የኬንዊኩ ሰውየስ? ሳይንቲስቶቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በይግባኝ ፍርድ ቤት ረቱ፤ ለኩት፣ መረመሩት። ቀድሞም የተወሰደው ልኬት የጃፓን አይኑዎችንና የፖሊኔዥያ ደሴት ሰዎችን ይቀርባል የሚል ነበር። በ2015 ግን ከእጁ አጥንት ዲኤንኤ ወጣ። ውጤቱ ከዓለም ሕዝቦች ሁሉ የሚቀርበው ለዛሬዎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው አለ። አጥንቱ ይሰጠን ካሉት ነባር ሕዝቦች አንዱ፣ የኮልቪል ሕዝብ፣ ለንጽጽር የራሱን ናሙና ሰጥቶ ነበር። እነሱ ያን ሁሉ ዓመት «አባታችን ነው» ሲሉ ማንም የሰማቸው አልነበረም። ልኬቱ አልተሳሳተም፤ አንዱን ራስ ቅል የሚሊዮኖች ምስክር ማድረግ ነው የተሳሳተው። በዘጠኝ ሺህ ዓመት ውስጥ የሕዝብ መልክ ይለወጣል፤ ምግብ ይለውጠዋል፣ ብርድ ይለውጠዋል፣ ዕድል ይለውጠዋል። የልጅ ልጅ አያቱን ባይመስል አያትነቱ አይፋቅም። በፌብሩዋሪ 2017 አምስቱ ሕዝቦች ተሰብስበው፣ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በተገኘበት፣ በማይነገር ቦታ ቀበሩት። ካገኙት ሃያ ዓመት ሆኖ ነበር።

ራስ ቅል ብዙ ሆኖ ሲለካ ሰው በየትኛው መንገድ እንደሄደ ይናገራል። አገሩ የማን እንደሆነ፣ ማን ይውጣ ማን ይቅር ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው ለካዩ የፈለገውን ነው። ሩዋንዳ የጠየቀችው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። እኛም በየጊዜው የምንጠይቀው እሱኑ ነው፤ መጤው ማን ነው፣ ባለ አገሩስ? በየሸለቆው የተቀበረው አጥንት ለዚህ መልስ የለውም። ከሁሉም በፊት የነበረው ሰው ከመካከላችን ማንንም አይመስልምና።

ከሄርቶ ራስ ቅሎች አንዱ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ከሞተ በኋላ ሥጋው በድንጋይ ቢላ ተገፎ ራስ ቅሉ ተጠብቋል፤ ደግመው ደጋግመው በእጅ ከመያዙም የተነሳ ገጹ ለስልሷል። ያ እጅ ምን እያሰበ እንደያዘው ማንም አያውቅም። እየለካ ግን አልነበረም።